ከጎጆው ክብ እስከ ገበያው ቤት፦ የቅርጽና የቁስ ታሪክ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

መግቢያ

ሰው ቤቱን የሚሠራው በቅርብ ባገኘው ቁስ ነው። በደጋ ድንጋይና ጭቃ፣ በቆላ ሸመልና ሸምበቆ፣ በበረሃ ደግሞ ሰሌንና ቆዳ የየሀገሩን ቤት መልክ ወስነዋል። የቁሱ ጠባይ የቤቱን ቅርጽ፣ የቤቱ ቅርጽም የነዋሪውን አቀማመጥና አኗኗር ሲያበጅ ኖሯል። ይህ ጥንታዊ እውነት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደ አዲስ ግኝት ተቆጥሮ በሆቴሎች፣ በምግብ ቤቶች፣ በቡና ቤቶችና በባንክ አዳራሾች የውስጥ ንድፍ ላይ መታየት ጀምሯል። ግድግዳው በጥምዝ መስመር ይሠራል፤ የመስተንግዶው ባንኮኒ ይዞራል፤ ጣራው ላይ ቀርከሃ፣ ወለሉ ላይ ያልተጠረበ ድንጋይ ይታያል። ባለሙያዎችም ይህን «ተፈጥሮን የተከተለ ንድፍ» ይሉታል።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ጥምዝ መስመርና ከተፈጥሮ የተገኘ ቁስ በአንድ የንግድ ቤት ውስጥ የሚገቡት ዓይንን ለማስደሰት ብቻ ነው ወይስ የራሳቸው የሆነ ምክንያት አላቸው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ወደ ሩቅ ሀገር ከመሄድ በፊት የክብ ቤት ጥበብ ለብዙ ዘመን ወደ ኖረበት ወደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ መመልከት ይጠቅማል። በዚያ አካባቢ ክቡ እንዴት እንደ ተሠራ፣ ለምን ቀጥ ባለው ቤት እንደ ተተካና በከተማው የንግድ ሕንፃ ውስጥ በምን መልክ እንደ ተመለሰ ማወቅ ለዛሬው መሐንዲስና አርክቴክት ተግባራዊ ትምህርት ይሰጣል።

የደጋው ሀገርና ቤቱ

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ በስተ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ በሚደርስ አምባ ላይ ትገኛለች። በስተ ምዕራብ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከሸለቆው ማዶ ጎጃም ይታያል። በስተ ሰሜን የሳይንት ተራሮች ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ። እንግዲህ አንድ ገበሬ ከውርጭ እስከ ቆላ ያሉትን የአየር ጠባዮች ሁሉ ብዙ ሳይርቅ ያገኛቸዋል ማለት ነው። ከውርጩ ጓሳና አስታ፣ ከደጋው ጽድ፣ ወይራና ኮሶ፣ ከወይና ደጋው ዋንዛ፣ ክትክታና ሰንበሌጥ ይመጣሉ። ከምድሩ በታች ያለው ባልጭ የሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደግሞ ለካብና ለመሠረት የሚሆን የማያልቅ ሀብት ነው።

በዚህ ሀገር የቤት አሠራር ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶግራፍ ከተመዘገበባቸው አጋጣሚዎች አንዱ የመቅደላው ዘመቻ ነው። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ የመሐንዲሶች ክፍሉ የፎቶግራፍ ባለሙያዎችን ይዞ ነበር። በተነሡት ሥዕሎች ላይ በአምባው ጫፍ ተደርድረው የሚታዩት ባለ ሾጣጣ የሣር ክዳን ክብ ቤቶች ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ካለፉ በኋላ ጦሩ በዚያው ሳምንት አምባውን አቃጥሎ ተመለሰ፤ ቤቶቹም የሣርና የእንጨት ነበሩና ብዙ ሳይቆዩ ነደዱ። የክብ ቤት ጥንካሬና ድካም ሁለቱም በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ ይነበባሉ። በአካባቢው ቁስ በቶሎ ይሠራል፤ በእሳትም በቶሎ ይጠፋል።

የአሠራሩ ምክንያት

የጎጆው ቅርጽ ክብ የሆነው በልማድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ምክንያት የቁሱ ጠባይ ነው። የሀገሩ ዛፍ ብዙውን ጊዜ አጭርና ጠማማ ነው። ከወይራ ወይም ከክትክታ ረጅምና ቀጥ ያለ አግዳሚ ማግኘት ያስቸግራል። በአንጻሩ አጫጭር ቋሚዎችን በክብ መስመር ተክሎ ለጋ ጭራሮን በማገርነት ዙሪያውን ማጠፍ ቀላል ነው። ክብ ቤት ማእዘን ስለሌለው ማእዘን የሚያስተካክል ረጅም እንጨትም ሆነ የሚያያይዝ ምስማር አይጠይቅም። ልጥና ሐረግ ይበቁታል።

ሁለተኛው ምክንያት ቁጠባ ነው። በአንድ የዙሪያ ርዝመት ውስጥ ከሁሉ የሚሰፋውን ወለል የሚሰጠው ቅርጽ ክብ ነው። ለምሳሌ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ ክብ ቤት የግድግዳው ዙሪያ 18.8 ሜትር፣ የወለሉ ስፋት 28.3 ካሬ ሜትር ነው። ያንኑ 18.8 ሜትር ግድግዳ በአራት ማእዘን ቢሠሩት የሚገኘው ወለል 22.2 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ልዩነቱ ከመቶ 27 ይደርሳል። ጭቃውን በእግሩ ለሚያቦካ፣ ድንጋዩንም በትከሻው ለሚያግዝ ሰው ይህ ትንሽ ትርፍ አይደለም። ግድግዳው ሲያንስ ሙቀት የሚያመልጥበት ገጽም ስለሚያንስ በብርዳማው የደጋ ሌሊት የሚቃጠለው ማገዶ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ምክንያት የኃይል ሚዛን ነው። የሾጣጣው ጣራ ክብደት ወራጆቹን ከግርጌያቸው ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። በቀጥታ ግድግዳ ላይ ይህ ግፊት ግድግዳውን ወደ ውጭ ያዘነብለዋል፤ ማሰሪያ አግዳሚም ይጠይቃል። በክቡ ቤት ግን ዙሪያውን የታሰረው ማገር ግፊቱን በመወጠር ይሸከመዋል። መሶብ የምትሰፋ ሴት ዙሩን በዙር ላይ ስታጠብቅ ስንደዶው እንደሚጸና ሁሉ የጎጆውም ጣራ የሚጸናው በቀለበቱ ነው። መሐንዲሱ ዛሬ ለጉልላት ጣራ ግርጌ የሚሠራው የአርማታ ቀለበት ሥራው ከዚሁ አይለይም። ነፋስም ቢሆን በክቡ ዙሪያ ተከፍሎ ስለሚያልፍ እንደ ሰፊ ቀጥ ያለ ግድግዳ አይገፋውም።

የጣራው ቁልቁለትም በስሌት ያለ ነው። የሣር ክዳን ዝናቡን በቶሎ ካላወረደ ይበሰብሳል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ወደ 45 ዲግሪ ይጠጋል። ከምድጃው የሚወጣው ጢስ በሣሩ ውስጥ አልፎ ሲወጣ ጥቀርሻው እንጨቱንና ክዳኑን ከነቀዝና ከብስባሽ ይጠብቀዋል። እሳት የማይነድበት ጎጆ ቶሎ ያረጃል የሚባለውም ስለዚህ ነው። በጭቃው ውስጥ የሚገባው የጤፍ ጭድ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል፤ የእበቱ ምርጊት ደግሞ ገጹን ያለሰልሰዋል። እያንዳንዱ ቁስ አንድ ወይም ሁለት ሥራ አለው። ለጌጥ ብቻ የገባ ነገር የለም።

ቤቱ ከውስጥ

የጎጆው ውስጥ አደራጀትም ከዚሁ ቅርጽ የመነጨ ነው። መካከሉን ምሰሶ ይይዘዋል። ግድግዳውን ተከትሎ ከጭቃ የሚሠራው መደብ እንደ ግድግዳው ይዞራል። መደቡ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ ነው። የግድግዳው ግርጌም በእርሱ ይደገፋል። ጎታው፣ ጋኑ፣ እንስራውና መሶቡ ሁሉም ክብ በመሆናቸው ከክቡ ግድግዳ ጋር አይጋጩም። ቁም ሣጥንና አራት ማእዘን አልጋ በክብ ቤት ውስጥ ቦታ የሚያጡት ከሌላ ዓይነት ቤት የመጡ ዕቃዎች ስለሆኑ ነው። በደጋው የሚፈተለው የበግ ጸጉር ባና መደቡን ያለብሰዋል፤ በበዓል ቀን ደግሞ ቄጤማ ወለሉን ይሸፍነዋል።

ከዚህ አቀማመጥ አንድ ማኅበራዊ ጠባይ ይወለዳል። በክቡ መደብ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ከመካከሉ እኩል ይርቃል፤ ሁሉም ሁሉን ያያል። በቡናው ሥነ ሥርዓት አቦል፣ ቶናና በረካ ሲዞሩ፣ በሰንበቴና በማኅበር ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የቤቱ ቅርጽ ለዚህ የተመቸ ነው። ጠላ ቤትም በገጠሩ የመጀመሪያው የንግድ ቤት ሆኖ የተነሣው ከዚሁ መኖሪያ ጎጆ ውስጥ ነው። ጠማቂዋ በገዛ ቤቷ መደብ ላይ እንግዳውን ታስቀምጣለች፤ ሒሳቡንም ትቀበላለች። ለንግድ ተብሎ የተሠራ የተለየ ቤት አያስፈልጋትም ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑም ክብ አሠራር የዚህ ቤተሰብ ነው። ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ በሰፊው የተለመደው ክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብለው በሚጠሩ ሦስት ክፍሎች እርስ በርስ እየታቀፈ ይሠራል። በዚህም ክቡ ቤት ትልቅ ሊሆን የሚችልበት መንገድ ይታያል። የወራጁ ርዝመት ውሱን ስለሆነ ስፋት የሚገኘው በውስጥ ሌላ የቋሚና የግድግዳ ቀለበት በመጨመር ነው። ሆኖም ለብዙ ሕዝብ ግብር ለማብላት ሲታሰብ ቀለበቶቹ እይታን ይከልላሉ። ንጉሥ ሚካኤል በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በደሴ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ረዘም ባለ ቅርጽ፣ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆመው ስለዚህ ይመስላል። ስሙ እንደሚያመለክተው አዳራሹ ድኻንና ባለጸጋን ሳይጠየፍ በአንድነት የሚያበላ ነበር። ቅርጹ ከጎጆው ቢለይም እንግዳን በአንድ ጣራ ሥር የማስቀመጥ ዓላማው ያው ነው።

ሦስቱ ቀጥ ያሉ ነገሮች

ክቡ ቤት ለምን ቀጥ ባለው ተተካ? ብዙዎች መልሱን በዘመናዊነት ፍላጎት ብቻ ያስቀምጡታል። መሐንዲሱ ግን ምክንያቱን በቁሱ ውስጥ ማግኘት ይችላል። ሦስት ቀጥ ያሉ ነገሮች ወደ ሀገሩ ገብተው ቤቱን አቀኑት።

የመጀመሪያው ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ገብቶ የአዲስ አበባን የማገዶና የእንጨት ችግር ያቃለለው ይህ ዛፍ ቀስ በቀስ ወደ ወሎም ተዛመተ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ረጅምና ቀጥ ያለ አጣና ይሰጣል። ጠማማውን ወይራ አጥፎ መሥራት የለመደው እጅ ቀጥ ያለውን አጣና ሲያገኝ ቀጥ ያለ ግድግዳ መሥራት ቀለለው።

ሁለተኛው የብረት ቆርቆሮ ነው። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ እንዲህ ያለው ከባድ የንግድ ዕቃ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ከመጓዝ ድኖ በብዛት ይገባ ጀመር፤ በኋላም በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ ወዲህ በተከፈቱት መንገዶች ወደ ክፍላተ ሀገሩ ዘለቀ። ቆርቆሮ በተፈጥሮው አራት ማእዘን ነው። በሾጣጣ ጣራ ላይ ዙሪያውን ቢዘረጋ ከታች የተገናኘው ሉህ ወደ ጉልላቱ ሲጠጋ እየተደራረበ ይሄዳል። የሾጣጣ ገጽ ስፋት በግርጌው ዙሪያና በቁልቁለቱ ርዝመት ልክ ከሚሠራ አራት ማእዘን ግማሽ ብቻ ነውና፣ ቁርጥራጩ በብልሃት ካልተመለሰ በቀር ከተገዛው ቆርቆሮ ግማሹ ይባክናል። የሉሁ ጎድጓዶችም እርስ በርስ ስለማይገጥሙ ውኃ ያስገባሉ። ስለዚህ ውድ ዋጋ ከፍሎ ቆርቆሮ የገዛ ሰው ቤቱን ለቆርቆሮው ሲል አራት ማእዘን አደረገው። ጣራው የቤቱን መሠረት ወሰነ ማለት ነው።

ሦስተኛው የመንገዱ ዳርቻ ነው። ከተማው በመንገድ ግራና ቀኝ ሲዘረጋ ለእያንዳንዱ ባለ ሱቅ የሚደርሰው የፊት ለፊት ስፋት ጠባብ ሆነ። ክብ ቤቶችን ጎን ለጎን ቢያቆሙ በመካከላቸው የማይጠቅም ክፍተት ይተርፋል። አራት ማእዘኖቹ ግን ግድግዳ ተጋርተው ይደረደራሉ። የሱቁ ዕቃም ቀጥ ያለ ግድግዳ ይወዳል። ጨው፣ ስኳር፣ አቡጀዲና ክብሪት በመደርደሪያ ላይ ይደረደራሉ፤ መደርደሪያ ደግሞ ከጥምዝ ግድግዳ ጋር አይስማማም።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ልዩነት ይታያል። ዕቃ የሚሸጥበት ንግድ ቀጥ ያለ ግድግዳን ይመርጣል። ሰው የሚቀመጥበት፣ የሚገናኝበትና የሚስተናገድበት ንግድ ግን ክብን ይመርጣል። ቆርቆሮው ይህን ልዩነት አላወቀም። ሱቁን፣ ጠላ ቤቱን፣ ቡና ቤቱንና ጽሕፈት ቤቱን ሁሉ በአንድ ረድፍ አራት ማእዘን አደረጋቸው። እንግዳው ከክቡ መደብ ተነሥቶ በግድግዳ ሥር በተደረደረ አግዳሚ ወንበር ላይ የሌላውን ጀርባ እያየ ተቀመጠ። በክረምት የዝናቡ ድምፅ በቆርቆሮው ላይ ጨዋታውን ያቋርጠዋል፤ ቀን ይሞቃል፤ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ይህን ሁሉ ቢያደርግም ቆርቆሮው ከእሳት ያዳነ፣ በየጥቂት ዓመቱ ክዳን ከመቀየር ድካም የገላገለና ለድኻው ክብር የሰጠ ቁስ መሆኑ ሊካድ አይገባም። ሕዝቡ የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ክቡ በከተማ ሲመለስ

በዓለም ላይ ጥምዝ መስመር ወደ ንግድና ወደ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ በአዲስ መልክ የገባው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ነው። ቤልጂጋዊው ቪክቶር ኦርታ እ.ኤ.አ. በ1893 በብራስልስ በተጠናቀቀው የታሴል ቤት ብረቱን እንደ ሐረግ አጠማዘዘው። በባርሴሎና አንቶኒ ጋውዲ እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ የሠራው ካሳ ሚላ የድንጋዩን ፊት እንደ ማዕበል አንቀሳቀሰው። ፍራንክ ሎይድ ራይት እ.ኤ.አ. በ1959 በተከፈተው የኒው ዮርኩ ጉገንሃይም ሙዚየም ጎብኚውን በሚዞር ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አስኬደው። እነዚህ ሁሉ ጥምዙን የሠሩት በብረትና በአርማታ ነው። ግብጻዊው ሐሰን ፋትሂ ግን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በላይኛው ግብጽ በአዲስ ጉርና መንደር የኑብያ ግንበኞችን ጥበብ ተከትሎ ቅስቱንና ጉልላቱን ከጭቃ ጡብ ሠራ። እርሱ ያሳየው ቁምነገር የድኻ ቁስ የድኻ ሥነ ሕንፃ ማለት አለመሆኑን ነው።

በኢትዮጵያ ክቡ ወደ ዘመናዊ የንግድ አዳራሽ የተመለሰበት ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ በአዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ክብ ሕንፃ ነው። ንድፉን ያወጣው ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት ነበር። እርሱ በአቅራቢያው ያለውን፣ በ1948 ዓ.ም. የተመረቀውንና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለውን ሕንፃም ነድፏል። የባንኩ አዳራሽ በጉልላት የተሸፈነ ክብ ነው። ገንዘብ የሚያስገባና የሚያወጣ ሰው ከየአቅጣጫው ወደ አንድ ማእከል ይመጣል፤ ባንኮኒው በዚያ ዙሪያ ይዞራል። ባንክ ዕቃ የሚደረደርበት ሱቅ ሳይሆን ሰው የሚስተናገድበት ቦታ ስለሆነ ክቡ ከሥራው ጋር ይስማማል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው 209 ሜትር ከፍታ ያለው የባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ከጎኑ ሲቆም ክቡ አዳራሽ ትንሽ መስሎ ቢታይም የአዳራሹን አደራጀት ምክንያት ለሚመረምር ሰው ዋጋው አልቀነሰም።

ከዚያ ወዲህ ጥምዙን ከሀገሩ ቁስና ከመልክዓ ምድሩ ጋር ለማገናኘት የሞከሩ የመስተንግዶ ቤቶች ተነሥተዋል። በሰሜን ወሎ በላሊበላ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው ቤን አበባ ምግብ ቤት ከዓለቱ ጫፍ ላይ የሚዞር ደረጃና እንደ አበባ ቅጠል የተዘረጉ ክብ ሰገነቶች አሉት። ተመጋቢው በየትኛውም ሰገነት ቢቀመጥ ገደሉንና ሸለቆውን ያያል። ስሙ ራሱ በስኮትላንድ ቋንቋ ተራራ ማለት የሆነውን «ቤን» ከአማርኛው «አበባ» ጋር ያጣመረ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ የመሠረቱትና በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም የጭቃና የጭድ ግድግዳን ወደ ከፍተኛ ጥበብ ደረጃ አደረሰው። በዚያ የጭቃው ግድግዳ ያለ ቀለም፣ በእጅ በተቀረጸ ጥምዝ ጌጥ ቆሟል። ጌጡ ከቁሱ ውጪ የተለጠፈ ሳይሆን ራሱ ጭቃው ነው።

በሌላ በኩል ግን ቅርጹ ከምክንያቱ የተለየበት ሥራም በዝቷል። አራት ማእዘን በሆነ የአርማታ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ውስጥ በጂፕሰም ቦርድ ጎጆ ተሠርቶ ይታያል። ምሰሶው ምንም አይሸከምም። ጣራው ላይ የተጣበቀው ሣር ዝናብ አያውቅም። ግድግዳው ላይ የታተመው የእንጨት መልክ ፕላስቲክ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ለጊዜው ደንበኛ ይስባል፤ ዳሩ ግን ክፍሉን አያሞቅም፣ ድምፁን አይለዝብም፣ ወጪውንም አይቆጥብም። በጎጆው ውስጥ እያንዳንዱ ቁስ ሥራ ነበረው። እዚህ ግን ቁሱ ሥራ ፈት ነው።

የውጭ ምርምር እንኳ ይህን ዓይነቱን ምስል ብቻ አይደግፍም። አሜሪካዊው ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው የታወቀ ጥናት የቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን አነጻጽሮ ዛፍ የሚታይበት መስኮት ያላቸው የጡብ ግድግዳ ከሚታያቸው ይልቅ ቶሎ ወደ ቤታቸው እንደ ተመለሱ፣ ብርቱ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ እንደ ወሰዱ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የሥነ ሕይወት ሊቁ ኤድዋርድ ዊልሰን «ባዮፊሊያ» ባለው መጽሐፉ ሰው ለሕያው ነገር በተፈጥሮው ዝንባሌ አለው ሲል ጻፈ። ለሕሙማኑ የጠቀማቸው ግን በመስኮቱ የታየው እውነተኛ ዛፍ እንጂ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ የዛፍ አምሳል አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ቁሱ ከየት ይመጣል?

ከተፈጥሮ የተገኘ ቁስ ይበል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጥያቄ ቁሱ ከየት እንደሚመጣ ነው። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደን ለዘመናት ለማገዶ፣ ለእርሻና ለቤት መሥሪያ ሲመነጠር ኖሮ የተረፈው ጥቂት ነው። ከእነዚህም አንዱ የቀድሞው የደንቆሮ ጫካ ሲሆን በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል። በዚያ ጽድ፣ ኮሶ፣ አስታ፣ ጅብራና ጓሳ ይገኛሉ፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም ይኖሩበታል። እንግዲህ የጎጆው ጥንታዊ ቁሶች ዛሬ በጥበቃ ሥር ያሉ ናቸው። ለአንድ የመስተንግዶ ቤት ውበት ሲባል የጽድ ምሰሶና የጓሳ ክዳን ቢፈለግ ተፈጥሮን የተከተለው ንድፍ ተፈጥሮን የሚያጠፋ ይሆናል።

አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። ከወሎ ጋር በሚዋሰነው በመንዝ የጓሳ ሣር ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ እንደ ነበር ይታወቃል። ሕዝቡ የመረጣቸው የቄሮ አባቶች ሜዳውን ለዓመታት ይዘጉታል። ሣሩ ሲደርስ ብቻ በተወሰነ ጊዜ ይከፈትና ለክዳን፣ ለገመድና ለግጦሽ ይታጨዳል። ሥርዓቱን የጣሰ ይቀጣል። ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. ከወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ሕዝቡ ሣሩን መጠበቁን በሌላ መልክ ቀጥሎበታል። ለመሐንዲሱ ትምህርቱ ግልጽ ነው። የሣር ክዳን ጥበብ ጣራውን ከመክደን ይልቅ ሜዳውን ከመጠበቅ ይጀምራል።

የእሳትም ጉዳይ ሊታለፍ አይገባም። በጥር 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚገኘው ታሪካዊው የጣይቱ ሆቴል በእሳት ተጎድቷል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ የተሠራው ይህ ሆቴል ከሀገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ የመስተንግዶ ቤቶች አንዱ ሲሆን የእንጨት ወለሉ፣ ደረጃውና በረንዳው የዘመኑ ጥበብ ምስክር ነበሩ። ከመቅደላ እስከ ጣይቱ ሆቴል ያለው ታሪክ የሚያስተምረው እንጨትና ሣር ብዙ ሰው በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ሲገቡ መውጫ በር፣ የኤሌክትሪክ መሥመር ጥራትና የእሳት ማገጃ ግድግዳ ከንድፉ ጋር አብረው መታሰብ እንዳለባቸው ነው። የመኖሪያ ጎጆ አንድ ቤተሰብን ይይዛል፤ የንግድ አዳራሽ ግን የማያውቁትን መንገደኛ ሁሉ ይይዛል።

ይህ ሁሉ ሲባል የሚቀሩት ቁሶች ጥቂት አይደሉም። ባልጭ ድንጋይ በየጓሮው አለ። ጭቃና ጭድ በየአውድማው አለ። በብዙ ቦታ እንደ ጠላት የሚታየው ባሕር ዛፍ በወጣትነቱ ሲቆረጥ እንደ ለጋ ማገር ይታጠፋል፤ ስለዚህ ቤቱን ያቀናው ዛፍ መልሶ ሊያከብበው ይችላል። በደጋ የሚበቅለው ቀርከሃ በጥቂት ዓመት ደርሶ ይቆረጣል፤ ሥሩም እንደገና ያበቅላል። የቆርቆሮ ጣራም ቢሆን ቀጥ ባለ ቦታው ይቆይ፤ ከሥሩ ግን ክቡ መደብ፣ በቀርከሃ የተሠራ ኮርኒስና ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ሙቀቱንና ድምፁን ሊያበርዱ ይችላሉ። በዚህ መንገድ ሱቁ ቀጥ ብሎ፣ የቡናው ክፍል ክብ ሆኖ በአንድ ቤት ሊኖሩ ይችላሉ።

መደምደሚያ

ከላይ ከተነገረው የሚወጣው አሳብ አጭር ነው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ክቡ ቤት የተወለደው ከአጭር እንጨት፣ ከብርዳማ አየርና ከኃይል ሚዛን ነው። ቀጥ ያለው ቤት የተተካውም ቀጥ ያለው ቁስና ቀጥ ያለው መንገድ ስለመጡ እንጂ ክቡ ስላረጀ አይደለም። ስለዚህ ጥምዝ መስመርን ወደ ንግድ ቤት የሚያስገባ ባለሙያ አስቀድሞ ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባዋል። በዚህ ክፍል ውስጥ ዕቃ ነው የሚደረደረው ወይስ ሰው ነው የሚቀመጠው? ቁሱስ ሥራ አለው ወይስ ሥራ ፈት ነው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በእርግጠኝነት መልስ ለመስጠት ልኬትና መዝገብ ያስፈልጋል። የጭቃው ከጭዱ ጋር ያለው መጠን፣ የማገሩ አተሳሰር፣ የወራጁ ብዛትና የክዳኑ ውፍረት እስካሁን የሚኖሩት በአረጋውያን ቤት ሠሪዎች እጅና አእምሮ ውስጥ ነው። ጎጆ በቆርቆሮ ሲተካ ሠሪውም ሥራ ያጣል፤ ልጁም ሙያውን አይማርም። የደረቀ ግድግዳ ፈርሶ እንደገና ሊቦካ ይችላል፤ ያልተመዘገበ ሙያ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ስለሆነም ከሙያ ማኅበራትና ከቴክኒክ ትምህርት ቤቶች የሚጠበቀው የመጀመሪያ ሥራ አዲስ ጥምዝ ንድፍ ከማውጣት በፊት በቆሙት ጥቂት ጎጆዎች ዙሪያ ሜትርና እርሳስ ይዞ መዞር፣ ከሠሪዎቹም ጋር ተቀምጦ መጻፍ ነው። ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ብዙ ጊዜ ግን አይሰጥም።